ቀማሽ ያጣ የምሳ ዕቃ

ጻፊ ሜሮን። እኔ ላውራ፣ አንቺ ጻፊ። ስትጨርሺ ታነቢልኛለሽ። እንዳታሳምሪው ብቻ፤ ካሳመርሽው እኔ አይደለሁም።

ነገሩን ያመጣሽው ራስሽ ነሽ። ትናንት ምሳ እየበላን ስልክሽን ፊቴ ላይ ደቀንሽና «እማዬ፣ ይሄን የቴሌቪዥን ሰውዬ እይው፣ ታሰረ። አድርጎታል'ኮ፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል» አልሽኝ። ዝም ስልሽ ደግሞ «ያን ሁሉ ዘመን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆመሽ ጥፋተኛ መለየት አትችይም?» አልሽ። አልችልም። መጀመሪያ ይሄን ጻፊው። በእጄ ያለፈውን ሰው ቁጥር አላውቀውም፤ ፊት አይቼ «ይሄስ አድርጓል» ብዬ በልቤ የፈረድኩት ግን አንድ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ነው ሥራዬን ያበላሸሁት። እሱን ልነግርሽ ነው፣ ከመጀመሪያው ካልተነሳሁ ግን አይገባሽም።

ሥራዬ ፈታሽ ነበር፣ ሴት ፈታሽ። ሰበታ ጀመርኩ፣ ሱሉልታ ሄድኩ፣ ቡራዩ ጨረስኩ። ደመወዜን በአውራ ጣቴ ነው የፈረምኩት፣ ጡረታዬንም በአውራ ጣቴ። ደመወዙ እናትሽን አሳድጓል፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። በሥራዬ ግን ጎበዝ ነበርኩ። ይሄን ሳላፍር ነው የምናገረው፤ የጣቢያ ሰው ጠይቂ።

ከመቀጠሬ በፊት ሰበታ ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሎ እሸጥ ነበር። የበሩ ፈታሽ አዴ ዲንቄ የሚባሉ ሴትዮ ናቸው፤ አዴ ማለት በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው፣ ታውቂዋለሽ፣ ለማያውቅ ሰው ብዬ ነው። ሰፊ ሴትዮ ናቸው፣ ሲስቁ በሩ የሚንቀጠቀጥ። አንድ ቀን ቆሎ ሊገዙ መጥተው እጄን ያዙና አገላብጠው አዩት። በቆሎው ውስጥ የገባ ጠጠር ሳላይ በጣቴ እለቅም ነበር፣ እሱን አይተው ነው። «በለጡ፣ ይሄ እጅ እዚህ ምን ያደርጋል? ኮቱ» አሉኝ። ነይ ማለታቸው ነው። ሄድኩ። ሌላ ፈተና አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ሲታሰር ስንቅ የሚያመጣው ቤተሰቡ ነው። ጠዋት፣ ስድስት ሰዓት፣ ማታ ግድም። ያመጣው ሰው ይፈተሻል፣ ምግቡም ይፈተሻል። ከዚያ ያመጣው ሰው ፊታችን ይቀምሳል። ሳይቀመስ የሚገባ ነገር የለም፣ ውሃም ቢሆን። የታሰረው ሰው ጣቢያ ውስጥ ቢመረዝ ተጠያቂው ጣቢያው ስለሆነ ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም። እኔ ስመጣም ነበረ፣ ስወጣም እዚያው ትቼው ነው የወጣሁ።

አዴ ዲንቄ ያስተማሩኝን ልንገርሽ። ሰው ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳያሉ፤ የሳቸው እጅ ባዶ እንደሆነ ማየት አለብሽ። ምግብ ከመንካታቸው በፊት በጆግ ውሃ ሰዉ እያያቸው ይታጠባሉ። ቀኑን ሙሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው። ክረምት እጃቸው ይሰነጠቃል፣ ያው ይታጠባሉ። «የሰው ልጅ የሚበላውን ነው የምነካው» ይላሉ። ሹሩባ ከሥሩ ወደ ጫፉ ነው የሚዳሰሰው፣ ከጫፍ ከጀመርሽ ፀጉሩ ይጎተትና ሴትዮዋ ታመርራለች። የነጠላ ጠርዝ በሁለት ጣት መሃል እየተንሸራተተ ነው የሚታየው፤ ዓይን አያስፈልገውም፣ ወረቀት ካለ ጣት ይነግርሻል። ዳቦ አይቆረስም፣ በአውራ ጣት ይጫናል፣ ያልተነካ ዳቦ ተመልሶ ይነሳል። እንጀራ ይተረተርና ወደ ፀሐይ ይያዛል። ወጥ በራሷ ማንኪያ ይማሰላል እንጂ በኛ ማንኪያ አይነካም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አይጠይቁም ነበር። እኔ አዲስ ሳለሁ አንዲቷን «የኔ እናት፣ ልጅሽ ምን አድርጎ ነው?» አልኳት። አዴ ዲንቄ እግሬን ረገጡኝ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ «ማል ጎዴ፣ ምን አደረገ፣ ይሄ የዳኛ ጥያቄ ነው፣ ዳኛው ለሱ ይከፈለዋል። የኛ ጥያቄ ምን አመጣሽለት ነው። ሌላ የለንም» አሉ።

ሁለተኛው ነገር ቅምሻው ነው። አንዳንዱ ስንቅ አምጪ መቅመስ የማይችል ነው። ጾመኛ አለ፣ ስኳር ያለበት አለ፣ አፉ የቆሰለ አለ። ያኔ ሰልፉ ውስጥ ያለ ሰው ይቀምስለታል። «ማን ይቀምስልኛል?» ይባላል፣ አንዱ ብድግ ይላል። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ጴንጤው ለጾመኛው። ማንም ያላዘዘው ነው፣ የበሩ ልማድ ነው። ሰው ከጠፋ አዴ ዲንቄ ራሳቸው ይቀምሳሉ። ጾመኛ ናቸው'ኮ፣ ዓርብ ረቡዕ የማይስቱ። «አዴ፣ ጾምዎስ?» ስላቸው «እሱን እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን፤ ይሄ ልጅ ምሳውን ይብላ» አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመቴ ወደ ሱሉልታ ተዛወርኩ። ብርዱ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ በበራችን ሲያልፉ አፋቸው እንደ ጭስ ማውጫ ይጨሳል፣ እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ እጄን ታጥቤ ሳሳይ ሰዉ «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» ይላል። አለቃችን ሳጅን ቶላ የሚባል ነበር፤ መልካም ሰው፣ ድምፁ ብቻ ትልቅ። ጠያቂ ሲመጣ ከቢሮው ሆኖ «የሌባው እናት መጣች?» ብሎ ይጮኻል። አንድ ቀን «ሳጅን፣ ፍርድ ቤቱ ተዛውሮ እዚህ መጣ እንዴ?» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቀነሰ።

ሱሉልታ ስሜን ያወጣልኝ ገንፎ ነው። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ለታሰረ ባሏ ገንፎ አመጣች። ገንፎ መፈተሽ ይከብዳል፤ በማንኪያ ካማሰልሽው ይበላሻል፣ ካላማሰልሽው አይታይም። እኔ የልብስ ስፌት ክር በሁለት እጄ ወጥሬ ከላይ እስከ ታች አሳልፈዋለሁ፣ ገንፎው ተመልሶ ይገጥማል፣ የተነካም አይመስል። ክሩ መሃል ላይ ያዘኝ። አንዴ ደገምኩ፣ ያዘኝ። ሴትዮዋን አየኋት። «ቅቤው ረግቶ ነው» አለችኝ። ቅቤው በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ስልክ ነበር። ሳወጣው ጠራ። እግዜር ያሳይሽ፣ እጄ ላይ ጠራ። ሰልፉ ሁሉ ተንከተከተ፣ እሷም ሳቀች። «አንሺውና አወሪው እንግዲህ፣ እህቱ ናት» አለች። ገንፎውን አስገባሁለት፣ ስልኩን ለሳጅን ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ክሯ ሴትዮ» ተባልኩ። ያቺ ሴት እስካሁን መንገድ ላይ ስታገኘኝ ትስመኛለች።

እንግዲህ ቡራዩ። ቡራዩ ካሉት ጣቢያዎች አንዱ በር ላይ ነው የመጨረሻ ዘመኔን ያሳለፍኩት። አዴ ዲንቄ ሞተዋል። ፈታሽ እኔ ነኝ፣ የሚያስተምረኝ የለም፣ አስተማሪ እኔው ነኝ ብዬ ነው የምቆመው።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው፣ ዘፋኙ የገባው። ስሙን አትጻፊው፣ ሰዉ ያውቀዋል፣ ልጆችም አሉት። እኔ እናቱ በሚጠሩት ስም ነው የምጠራው፣ ማሙሽ። የተፍኪ ልጅ ነው። በሁለት ቋንቋ የሚዘፍን፣ ዘፈኑ በየሠርጉ የሚከፈት። በገፈርሳ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት በመኪና ተገጭታ ሞተች፤ መኪናው ሳይቆም ሄደ። መኪናው የሱ ነው። ተያዘ።

የሞተችው ሴት ስሟ ወይንሸት ነው። እህቷ ቃል ልትሰጥ ስትመጣ ፈትሼአታለሁ፣ ያኔ ነው የሰማሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ሰዉ ስለ ጉዳዩ ሲያወራ፣ ስሟን ሲጠራ የሰማሁት ሌላ ሰው የለም። «በቆሎ ሻጯ» ነው የሚሏት። ይሄን ጻፊልኝ።

የመጀመሪያው ሰሞን በራችን ሠርግ ቤት መሰለ። ወጣቱ አበባ ይዞ መጣ። «ንጹሕ ነው! ይፈታ!» ይላሉ። የፈተሽኩት አበባ ብዛት፣ እሾሁ ጣቴን ፈጀው። እናትየው እትዬ ስንዱ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። ከተፍኪ ሰበታ፣ ከሰበታ ከተማ፣ ከከተማ ቡራዩ ታክሲ እየቀያየሩ በቀን አንዴ ነው የሚደርሱት፣ በስድስት ሰዓቱ። ልጁ ጨጓራ አለበትና የአጃ ሾርባ በፔርሙስ፣ ከስር ደግሞ ለስላሳ ፍትፍት በምሳ ዕቃ ያመጣሉ።

ነሐሴ ገባና የፍልሰታ ጾም ተያዘ። እትዬ ስንዱ በመጀመሪያው ቀን ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «እህቴ፣ ተስያለሁ። ሱባኤው እስኪያልቅ በየቀኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃም በአፌ አይዞርም። ይሄን ከፈጸምኩ እመቤቴ ልጄን ታወጣልኛለች» አሉኝ። እንግዲህ መቅመስ አይችሉም። ችግር የለውም፣ ልማዱ አለ። «ማን ይቀምስልኛል ልጆች?» ሲሉ ሰልፉ ተጋፋ።

ቲጂ የምትባል ልጅ አለች። ፀጉሯን ቀይ የቀባች፣ ወንድሟ ባጃጅ የሚነዳ። ወንድሟ ከጠብ ስለማይርቅ ይገባል ይወጣል፣ እሷም እንደ ሠራተኛ ናት፣ ከኛ እኩል ትመጣለች። «እኔ ልቅመስ ማዘር! የሱን ምሳ እኔ ነኝ የምቀምሰው!» ብላ ማንኪያውን ነጠቀችኝ። አንዴ ቀመሰች፣ ሁለቴ ቀመሰች።

«ቅመሺ ነው የተባልሽው፣ ብይ አልተባልሽም» አልኳት።

«ፍቅር ነው ማዘር። የሱን ድምፅ የሰማ ሰው እንዲህ ያደርጋል ይላል?»

ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ «ድምፁ ያማረ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ፣ ዳኛው ምስክር ትቶ ዘፈን ይስማ» አላት። ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ ሲሰዳደብ ዋለ። እትዬ ስንዱ ግን ማንንም አይሰሙም፣ ፔርሙሱ ሲገባ ያያሉ፣ ይሄዳሉ።

ከሳምንት በኋላ ያ ቪዲዮ ወጣ። አንቺም አሳይተሽኛል። ነዳጅ ማደያ ነው፤ የመኪናው የፊት መብራት ተሰብሯል፣ ማሙሽ ከመኪናው ወርዶ ይስቃል። ይስቃል በቃ። አገሩ በአንድ ቀን ተገለበጠ። አበባው ጠፋ። ትናንት «ይፈታ» ያለው ዛሬ «ይሰቀል» አለ። ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት «አጥፋው ይሄን ነፍሰ ገዳይ» ይባላል፣ ሾፌሩም ያጠፋል። እኔም አየሁት፣ ሳቁን። አዴ ዲንቄ ያስተማሩኝን ሁሉ ረስቼ በልቤ «ይሄስ አድርጓል» አልኩ።

በማግስቱ እትዬ ስንዱ እንደ ልማዳቸው መጡ። ፈተሽኳቸው። «ማን ይቀምስልኛል ልጆች?» አሉ።

ማንም የለም።

ቲጂ ስልኳን ታያለች። ያ «ዳኛው ዘፈን ይስማ» ያለው ሰውዬ ሰማይ ያያል። አንዷ ከኋላ «ራስዎ ይቅመሱ፣ ራስዎ ያሳደጉት አይደል?» አለች። ሁለት ሦስት ስልክ ወደኛ ተደገነ። እትዬ ስንዱ ዞረው እኔን አዩኝ። ልመናም አይደለም፣ ዝም ብለው አዩኝ።

እኔ መቅመስ እችል ነበር። የአዴ ዲንቄ ልጅ ነኝ። ግን ስልኮቹን አየሁ። «ፈታሿ የነፍሰ ገዳዩን ምሳ በላች» ሲባል ታየኝ። ደግሞም ፈርጄበታለሁ፣ ይሄን አልደብቅም።

«እኔም ጾመኛ ነኝ እትዬ ስንዱ» አልኳቸው።

ሜሮን፣ ያን ቀን ጠዋት ዳቦ በሻይ በልቼ ነው የመጣሁት። ጾመኛስ ነኝ፣ ሥጋ አልበላ፣ ሰዓት ግን አልጠብቅም። ዋሸኋቸው። በሥራ ዘመኔ በሩ ላይ የዋሸሁት እሱን ብቻ ነው። ፔርሙሱን መለስኩላቸው። እንደተሞላ ይዘውት ወደ ተፍኪ ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን ሰልፉን አልጠየቁም። ፔርሙሱን ለኔ ዘረጉት። «ሕጉ ነው» አልኩ፣ ሕጉን እኔ ያወጣሁ ይመስል። ተቀብለው ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ትንሽ ቆይተው ተነስተው ሄዱ። ውስጥ ያለው ተረኛ ሲወጣ «ያ ዘፋኝ የጣቢያውን ዳቦ አልቻለውም፣ ሆዱን ይዞ ተጋድሟል» አለኝ። ምን ያልኩ ይመስልሻል? «ይቅመሰው» አልኩ። ይሄንንም ጻፊው። ዓይንሽን አትጨፍኚ፣ ጻፊ።

በሦስተኛው ቀን ሱባኤው ሊያልቅ ሁለት ቀን ይቀረዋል። እትዬ ስንዱ መጡ። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ፈተሽኳቸው፣ ታጠብኩ፣ ሾርባውን አየሁ። እሳቸው ፔርሙሱን ከእጄ ወሰዱና በክዳኑ ሞሉት። አማተቡ። ጠጡት። ለመቅመስ ያህል አይደለም፣ ክዳኑን ሙሉ ጠጡት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ። ከፍትፍቱም ጎረሱ፣ ክዳኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው ገጠሙት።

«ቀምሻለሁ። አሁን አስገቢለት» አሉኝ።

ቲጂ ስልኳን ዝቅ አደረገች። ስለቱን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ለልጃቸው ብለው የተሳሉትን ለልጃቸው ብለው አፈረሱት፤ እኔ አንድ ማንኪያ ሾርባ አልቀምስም ብዬ። ገንፎ ውስጥ ስልክ የማገኝ ሴትዮ፣ ፊቴ የቆመችውን እናት አላገኘሁም።

በማግስቱ ቁርስ ሳልቀምስ መጣሁ። እትዬ ስንዱ ገና ሲደርሱ «ይስጡኝ፣ እኔ ልቅመስልዎ» አልኳቸው።

«አሁንማ ፈርሷል እህቴ። ዛሬ ምን ያደርግልኛል? እኔው እቀምሳለሁ» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸው ይቀምሳሉ፣ እኔ አስገባለሁ። መስቀል አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቀጠሮ፣ ልጁም አልወጣ።

ኅዳር መግቢያ ላይ ደረጀ የሚባል ልጅ በእግሩ ሄዶ እጁን ሰጠ። የማሙሽ ጓደኛ ነው፣ ሥራ ሲበዛበት ሾፌሩም ነው። «የነዳሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ተኝቶ ነበር፣ ማደያው ስንደርስ ነው የቀሰቀስኩት» አለ። ተመረመረ፣ ምስክር ተሰማ፣ ማሙሽ ተፈታ።

ያን ቀን ነው አንቺን «እስቲ ያን ቪዲዮ ድገሚልኝ» ያልኩሽ፣ ታስታውሻለሽ? ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁን ትቼ በሩን አየሁ። ማሙሽ የሚወርደው በቀኝ በር ነው። ሾፌር በግራ ነው የሚወርደው። ያ ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ እያየ፣ ሁላችንም ሳቁን ነው ያየነው። «አየሽ!» ስልሽ አንቺ ደግሞ «እማዬ፣ ቪዲዮ ይገለበጣል'ኮ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል» አልሽኝ። ይገለበጥ ይሆናላ። ነግሬሻለሁ፣ እኔ አላውቅም። የማውቀው፣ በሩን ሳላይ መፍረዴን ነው።

ሲፈታ አበባው ተመልሶ መጣ። ቲጂ ከፊት ናት። «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ንጹሕ ነው ብያለሁ!» ትላለች።

«ድሮ ያልሽው የትኛው ድሮ ነው ቲጂ?» አልኳት።

«ማዘር ደግሞ፣ ነገር አትቁጠሪ» አለችኝ።

እትዬ ስንዱ አበባውንም ሰዉንም አላዩም። ባዶውን ፔርሙስ ከተረኛው ተቀበሉ፣ ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ታክሲ ገቡ። እኔን ዞረው አላዩኝም። እኔም ጠርቼ ይቅርታ አላልኩም። በዚያ ግርግር ምን ልላቸው?

አሁን ሕዝቡ ለደረጀ ዞረ። «ጓደኛውን ሲያሳስር ዝም ያለ ከሃዲ» ይባላል። አገሩ ወለጋ ሩቅ ነው፣ ስንቅ የሚያመጣለት የለም። የጣቢያውን ዳቦ ይበላል። የገና ጾም ገባ። ጾሙ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፣ በስድስት ሰዓቱ ቀና ስል እትዬ ስንዱ ሰልፉ ውስጥ ቆመዋል። ያው ነጠላ፣ ያው ፔርሙስ፣ ያው ምሳ ዕቃ።

ቲጂ ወንድሟ እንደገና ገብቶላት ከፊታቸው ነበረች። «እማማ፣ ምን ረስተው ነው? ልጅዎ ወጥቷል'ኮ።»

«ለደረጀ ነው» አሉ።

ሰልፉ ዞረ። «ልጅዎን ላሰረብዎ?» አለ አንዱ።

«ሁለቱም እኔ ቤት ነው የበሉት፣ ከልጅነታቸው። አንዱ ሲወጣ አንዱ ገባ፣ ምን ላድርግ?»

ከዚያ ቲጂ ለጎረቤቷ፣ በሹክሹክታ አይሉት በጩኸት «አየሽ? ከፍለውት ነው የገባላቸው። ለዚህ ነው የሚያበሉት» አለች። ወዲያው ወሬው ሌላ ሰፈር ደረሰ። ምሳው ማስረጃ ሆነ። ስልኮቹ ወጡ፣ እንደዚያን ቀን ተደገኑ። ሰው ምሳ ይዞ ሲመጣም ይፈረድበታል፣ ሳይዝ ሲቀርም ይፈረድበታል፤ ይሄን ስንት ዓመት አይቻለሁ።

ተራቸው ደረሰ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ሹሩባቸውን ከሥሩ ዳሰስኩ፣ የነጠላቸውን ጠርዝ በጣቴ መሃል አሳለፍኩ። በጆግ ታጠብኩ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ የአጃ ሾርባ ነው።

«እህቴ፣ ዛሬም ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ነው» አሉኝ።

ሰልፉን አላዩም። ማን ይቀምስልኛል አላሉም። ክዳኑን ሞልተው ወደኔ ዘረጉት።

«ፈታሿም አለችበት እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ። ስልክ አፌ ላይ ደረሰ። እኔም ጾም ላይ ነበርኩ፣ ያን ቀን ደግሞ እውነቴን ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ ሰዓት መጠበቅ ጀምሬያለሁ። እሱን እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን አልኩና ተቀበልኳቸው። ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሁሉም እንዲያይ ቀና ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ከምሳ ዕቃውም አንድ ጉርሻ ቀመስኩ።

«ጨው አንሶታል እትዬ ስንዱ» አልኳቸው።

አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከነሐሴ ወዲህ አዩኝ። «የማሙሽ ሆድ ጨው አይወድም። እጄ ለምዶ ነው። ነገ እጨምራለሁ» አሉ።

እኔ ስጠጣ የቀረጹትን ቪዲዮ አንቺም አይተሽዋል፣ ከስሩ የተጻፈውንም አንብበሽልኛል። ግማሹ «ይቺም ተከፍሏት ነው» ይላል። ተከፍሎኛላ። በየወሩ፣ በአውራ ጣቴ ፈርሜ። ምን ለማድረግ እንደተከፈለኝ ግን የሚያውቁት አይመስለኝም። በቀጣዩ ክረምት ጡረታ ወጣሁ፤ ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሰዉ ስለዚያ ጉዳይ ሲከራከር እሰማለሁ፣ የነዳው እሱ ነው፣ የለም ያኛው ነው፣ ተከፍሎት ነው። እኔን ያወቀኝ «እማማ፣ እርስዎ ነበሩ፣ ማናቸው ነው?» ይለኛል። «እዚህ ጋ ወራጅ አለ በለው» እላለሁ ለረዳቱ። ሌላ አልመልስም።

ያንቺም ጥያቄ ይሄው ነው። የቴሌቪዥኑን ሰውዬ አላውቀውም። እናት ካለው ግን በየትኛው በር እንደምትቆም፣ ማን እንደሚቀምስላት ጠይቂልኝ።

በማግስቱ እትዬ ስንዱ ጨው ጨምረው መጡ። ቀመስኩ። ልክ ነበር፣ አስገባሁለት።